የተማሪዎች መመሪያ ለማን ተጻፈ? ስለ ኮሌጅ የድጋፍ አገልግሎት የቀረበ ሂስ

በየዓመቱ መጀመሪያ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ወደ ኮሌጆቻችንና ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመጡ የመኝታ ክፍል ቁጥርና የምግብ ካርድ ይሰጣቸዋል። ከዚሁ ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ከወራት በኋላ፣ የተማሪዎች መመሪያ የሚባለው መጽሐፍ ይደርሳቸዋል። ስለ መማሪያ መጻሕፍት ይዘትና አቀራረብ በየጊዜው እንወያያለን፤ ይህ መመሪያ ግን ተማሪው ስለ ተቋሙ ከሚያነባቸው ጽሑፎች የመጀመሪያው ሆኖ ሳለ እንደ መጽሐፍ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መመሪያው ስለ ተማሪዎች ድጋፍ የሚናገርበትን ቋንቋ መመዘን ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ተቋሙ ለተማሪው ያለው አሳቢነት ከቃላቱ አመራረጥ ይታወቃል።

በሥራዬ ምክንያት ያነበብኋቸው መመሪያዎች የተቋማቱ ስም ቢለያይም በአቀራረባቸው ይመሳሰላሉ። ስለ ዲሲፕሊን የሚናገረው ክፍል የተሟላ ነው። ጥፋቱ በዓይነቱ ተዘርዝሯል፤ ክሱን የሚሰማው ኮሚቴ ተለይቷል፤ ይግባኝ የሚቀርብበት ቀን ተቈጥሯል። ስለ ድጋፍ የሚናገረው ክፍል ግን ከጥቂት መስመሮች አያልፍም። የምክር አገልግሎት «እንደ አስፈላጊነቱ» ይሰጣል ይላል። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ፣ ተማሪው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ አይናገርም። ቅጣቱ ባለቤትና ቀጠሮ ሲኖረው ድጋፉ ግን ባለቤት የለውም።

ይህ የአጻጻፍ ጕድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአርታኢ እጅ በታረመ ነበር። ነገር ግን በሰው ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት በቅርብ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ኮሌጅ፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣ የአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ በኅዳር ወር አባቱ መታመማቸውን ሰምቶ ወደ አገሩ ሄደ። አጨዳው በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። በዓመቱ ተመልሶ ለመመዝገብ ሲያመለክት ጉዳዩ እኔ አባል ለነበርኩበት ኮሚቴ ቀረበ። ሲሄድ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ስላልሞላ መብቱን አጥቷል ተባለ። ደንቡ እንዲሁ ይል ስለ ነበር እኔም እንደ ሌሎቹ ፈረምሁ፤ ውይይቱ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ኋላ ግን ስናጣራ፣ ደንቡ የሰፈረበት መጽሐፍ ለተማሪዎቹ የታደለው እርሱ ከሄደ በኋላ ነበር። ያ ክፍልም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ተማሪው ሲወጣ የበሩ ጥበቃ የብርድ ልብሱን መውጫ ወረቀት ጠይቆት፣ የመኝታ ቤቱ ፕሮክተር ፈርሞለት ነበር። ኮሌጁ የብርድ ልብሱን መውጣት በወረቀት ሲመዘግብ፣ ባለቤቱን ወዴትና ለምን እንደሚሄድ የጠየቀው አልነበረም። ፕሮክተሩንም ሆነ ጥበቃውን አልወቅስም፤ ይህን እንዲጠይቁ ያዘዛቸው ደንብ አልነበረምና።

ድጋፍን በተጨባጭ ቃል መጻፍ እንደሚቻል የአገራችን ሕግ ራሱ ያሳያል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሲደነግግ፣ ተቋማት መገልገያዎቻቸውን «በተቻለ መጠን» እንዲያመቻቹ በማለት ይጀምራል። በዚህ ብቻ ግን አላበቃም፤ የማጠናከሪያ ትምህርትን፣ የፈተና ሰዓት ጭማሪንና የሥራ ማስረከቢያ ጊዜ መራዘምን በስማቸው ጠርቷል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 ቢተካም ትምህርቱ አልተሻረም። «በተቻለ መጠን» የሚለውን ሐረግ ብቻ ገልብጦ የፈተና ሰዓት ጭማሪውን የተወ መመሪያ፣ ከሕጉ የወሰደው ተቋሙን የሚያሳርፈውን እንጂ ተማሪውን የሚጠቅመውን አይደለም።

ድጋፍን እንደ ችሮታ መቍጠርም የቆየ ልማድ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ሲመረቅ እንዲከፍል ደነገገ። እንግዲህ ውል ፈርሞ ዕዳ የተሸከመን ተማሪ «ተረጂ» ብሎ ማየት አይቻልም። የሚከፍልበትን አገልግሎት በግልጽ የማወቅ መብት አለው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው የበጀት ጉዳይ ነው፤ አንድ የምክር ባለሙያ ብዙ ተማሪዎችን በሚያስተናግድበት ኮሌጅ ዝርዝር ተስፋ መስጠት ከንቱ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ የታተመ ገጽ የምክር ባለሙያን አይተካም። ሆኖም ያለው ጥቂት ከሆነ ጥቂት መሆኑን ገልጦ፣ ባለሙያው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚገኝ ከሆነ ሁለቱን ቀናት በስማቸው መጻፍ ወጪ አይጠይቅም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ደንብ ከላላ አማላጅ ይበዛል የሚለው ነው። የእኔ ልምድ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ ሳይጻፍ ሲቀር የሚያገኘው በሬጅስትራር ቢሮ ዘመድ ያለው ነው፤ የገበሬ ልጅ ደግሞ መንገዱን ሳያውቅ ይቀራል። መንገዱ ለሁሉም ከተጻፈ አማላጅ የሚሠራው ሥራ ያንሳል።

ስለዚህ መመሪያ ለሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ሀ) ለእያንዳንዱ የድጋፍ ዓይነት ኀላፊውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የመልሱን ቀን መጻፍ፤ ለ) ትምህርት ስለ ማቋረጥና ስለ መመለስ የሚናገረውን ክፍል ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ አዘጋጅቶ በምዝገባ ዕለት በቃል ጭምር ማስረዳት፤ ሐ) ንብረቱን ይዞ የሚወጣ ተማሪ የመውጫ ወረቀት ሲፈረምለት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የማቋረጫው ቅጽ እንዲቀርብለት ማድረግ፤ መ) ረቂቁን ከማሳተም በፊት ለጥቂት አዲስ ገቢዎች አስነብቦ «አባትህ ቢታመም ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን ከመጽሐፉ ካላገኙት ጕድለቱ የመጽሐፉ ነው።

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ክብደት አለው። ሠልጣኞቻችን ነገ የክፍል ኀላፊ ሆነው ስም ይጠራሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለ ተማሪ አያያዝ የሚያስተምራቸው በክፍል ውስጥ ነው፤ ከክፍል ውጭ ግን የኮሌጁ አሠራር ራሱ ያስተምራቸዋል። የእርሱ መቅረት በብርድ ልብሱ መውጫ ወረቀት ብቻ የታወቀ ሠልጣኝ፣ ነገ ከክፍሉ የቀረውን ሕፃን በስም መጥሪያው ላይ ምልክት አድርጎ ቢያልፈው ምን ያስደንቃል? እኔ ፈርሜ ያሰናበትሁት ወጣት መምህር ሳይሆን ቀርቷል። ፊርማዬን መመለስ አልችልም፤ መጽሐፉን ግን ማረም እንችላለን።