«የአንጎል እንቅስቃሴ ፎቶግራፍ» በሚለው ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

አኑሪዝም፣ ማለት የደም ቅዳ ግድግዳ ሳስቶ የተነፋበት ስፍራ፣ በአንጎላቸው ውስጥ ፈንድቶ ለታከሙ ሕሙማን በኤም.አር.አይ. የሚደረገው የአንጎል ተግባር ምርመራ «የአንጎል እንቅስቃሴ ፎቶግራፍ» ተብሎ ተተርጉሞ ያጋጥመናል። ስያሜው ለአፍ የሚቀል ቢሆንም ሁለት ጉድለት እናገኝበታለን።

አንደኛ፣ «እንቅስቃሴ» አንጎሉ ከስፍራው የሚነቃነቅ ያስመስላል፤ የተፈለገው ግን ተግባሩ ነው። «ተግባራዊ» ማለትም አይበጅም፤ በሥራ ላይ የዋለ የሚል ፍቺ አለውና።

ሁለተኛውና ዋነኛው ጉድለት «ፎቶግራፍ» የሚለው ነው። ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 መሠረቱን የጣሉለት ይህ ዘዴ የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን ለውጥ ነው፤ የነርቭ ሕዋሳት ሥራ ከዚያ ይገመታል እንጂ በቀጥታ አይታይም። አኑሪዝም ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ደም ቅዳዎች ሊኮማተሩ፣ ለሕዋሳቱ ሥራ የሚሰጡት ምላሽም ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የደበዘዘ ስፍራ ሁሉ ሥራውን ያቆመ አንጎል አይደለም። «ፎቶግራፍ» የሚል ቃል ያነበበ የሕመምተኛ ቤተሰብ ግን ግምቱን እንደ ፍርድ ይቀበለዋል።

ስለሆነም «በደም ኦክሲጅን የሚገመት የአንጎል ተግባር ምስል» እንዲባል እናሳስባለን። ርዝመቱን በምህጻረ ቃል ማቃለል ይቻላል፤ የተዛባ ፍቺን ግን ምህጻረ ቃል አያቃናውም።