በተዳፋት ምድር ላይ የተዘረጋ የግንድ መደብ አመራመር

ኦስትሪያውያንና ጀርመኖች ሁገልኩልቱር የሚሉትን፣ ግንድና ቅርንጫፍ ከሥሩ ተቀብሮ አፈር የተከመረበትን ከፍ ያለ የአትክልት መደብ ሊመረምር የሚሄድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፈው ከላይ በበቀለው ጎመንና ዱባ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ የአትክልቱ ልምላሜ በመጀመሪያው ዓመት ከተጨመረበት ፍግ ብቻ ሊገኝ ስለሚችል የሠሪውን ጥበብ ለመመዘን በቂ ምስክር አይሆንም። ምድሩ ተዳፋት ሲሆን መርማሪው ዶፍ በሚወርድበት ሰዓት ከግርጌ ወደ ራስጌ እየወጣ፣ ውሃው ከየት መጥቶ በየት እንደሚያልፍ በትዕግሥት ይከታተል።

መደቡን ፍጹም አግድም አድርጎ መዘርጋት፣ ከበላዩም ቦይ ቆፍሮ ውሃ ማቆር፣ ለሚመለከተው ሁሉ የተዋበ ሥርዓት ይመስላል። እኔ ግን ይህን አሠራር ባየሁ ቁጥር እሠጋለሁ፤ ደረቅ ግንድ በባሕርዩ ተንሳፋፊ ነውና፣ በግንዶቹም መካከል ክፍተት አይጠፋምና፣ የታቆረው ውሃ ክምሩን ሰርስሮ በገባ ጊዜ መላውን መደብ ከነአፈሩ ወደ ታች ሊንደው ይችላል። ውሃ ለማገድ የሚታመነው ድንጋይ ወይም በሚገባ የተጠቀጠቀ አፈር ነው እንጂ ዓመት በዓመት እየበሰበሰ የሚሰምጥ ዕንጨት አይደለም።

ስለዚህ ምስጋና የሚገባው አቀማመጥ፣ መደቡ ከአግድሙ ጥቂት ብቻ ያዘነበለ፣ ይኸውም በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሜትር ያህል ዝቅ የሚል ሆኖ፣ የተረፈው ውሃ ሳይቸኩል ተጉዞ፣ ባልተቆፈረና ሣር በለበሰ ጽኑ መሬት ላይ የሚወጣበት ነው። የደጋው ገበሬያችንም በማሳው ላይ ፈሰስ፣ ማለት የውሃ መውረጃ ቦይ፣ አጋድሞ ሲያወጣ ስለ ዝንባሌው ይጠነቀቃል፤ እጅግ ቢያዘነብል ቦረቦር ይወልዳል፣ ባያዘነብል ውሃው ይተኛል። የላይኛው ረድፍ መውጫ ከታችኛው ረድፍ መውጫ ትይዩ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ለጎርፍ ቀጥ ያለ ጎዳና ተጠርጎለታልና ሥራው ነቀፋ ይገባዋል።

ከውሃ ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘነጉት ብርድ አለ። በኦስትሪያ፣ በሳልስቡርግ ክፍለ ሀገር፣ ሉንጋው በሚባለው ብርዳም ደጋ፣ ገበሬው ሴፕ ሆልሰር እ.ኤ.አ. በ1962 ከወላጆቹ የተረከበው ክራሜተርሆፍ የተባለ እርሻ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይፈስሳል፤ መደቡ መተላለፊያ ካልተወለት ግን ከበስተኋላው ተኝቶ ቡቃያውን በውርጭ ያቃጥላል። ነፋሱን ለመከላከል ብለው መደቡን እንደ ቅጥር ያለ በር የሚያስረዝሙ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ስለ ዕንጨቱ የሚባለው ጥቂት ነው፤ መበስበስ የጀመረ ይመረጣል፣ ጥድ ሳይበሰብስ ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ትኩስ ዕንጨትም ለጊዜው የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። በመደቦቹ መካከል ፍግ የጫነ የእጅ ጋሪ መተላለፉንም ማየት ያሻል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ግንዱ በበሰበሰ መጠን የመደቡ አናት ዝቅ ማለቱ አይቀርምና፣ መርማሪው ተመልሶ በውሃ ልክ ይለካ፤ ከመውጫው የሚወርደውንም ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያንሣው፤ ከደፈረሰ አፈሩ እየተሸረሸረ ነውና የመውጫው ስፍራ እንደገና ይመረጥ።