ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው

ከፈረንሣይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖር አንድ ወጣት ተማሪ በቅርቡ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይህ መጽሐፍ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ እርስዎም ያንብቡትና ይፍረዱት» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ደግሞ፣ «እኛ ግን እንደዚህ ያለ ሰው ኖሮን ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ፍርዱን ከመስጠቴ በፊት ጥያቄው ከበደኝ፤ ስለዚህ መጽሐፉን ያነበብሁት ጥያቄውን በልቤ ይዤ ነው።

የመጽሐፉ ስም «ሶሎ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ብቻውን» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ዊልያም ቦይድ ሲሆን የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ባለታሪኩ ጀምስ ቦንድ ግን የቦይድ ፈጠራ አይደለም። ይህን የእንግሊዝ ሰላይ የፈጠረው ኢያን ፍሌሚንግ ነው፤ እርሱም የመጀመሪያውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳትሞ በ1964 ሞተ። ፈጣሪው ሲሞት ፍጡሩ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኪንግስሌ ኤሚስ በብዕር ስም ቀጠለው፤ ከእርሱም በኋላ ጆን ጋርድነርና ሬይመንድ ቤንሰን፣ ሌሎችም ደራስያን እየተቀባበሉ ጻፉት።

በእኛም አገር ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን በ«ራማቶሓራ» አስከትሏል፤ ነገር ግን እርሱ የቀጠለው የራሱን ሥራ ነው። የሌላውን ሰው ጀግና የሚረከብ ደራሲ እንደ ቤት ተከራይ ነው፤ ግድግዳውን ቢቀባ የሚከለክለው የለም፣ ምሰሶውን ግን ሊነቅል አይችልም። የዚህ ቤት ምሰሶ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ሰላዩ እንዳይሞትና ድሉ የእርሱ ብቻ እንዲሆን ነው።

ታሪኩ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ቦንድ 45 ዓመት ሞልቶታል። ዛንዛሪም በምትባል የምዕራብ አፍሪካ አገር የርስ በርስ ጦርነት ተነሥቷል፤ የጠቡም ሥር ነዳጅ ዘይት ነው። አለቆቹ ቦንድን ጋዜጠኛ አስመስለው ይልኩታል። የተሰጠው ትእዛዝ የተገንጣዮቹን ዋና የጦር አዛዥ ከሥራ ውጪ አድርጎ ጦርነቱ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። በኋላ ተመትቶ ለጥቂት ከሞት ይተርፋል፤ ቁስሉ ሲሽርለትም ያለ አለቆቹ ፈቃድ፣ ብቻውን፣ ደሙን ሊመልስ ወደ አሜሪካ ይሻገራል።

ዛንዛሪም በካርታ ላይ የለችም፤ ነገር ግን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያውቃታል። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 ናይጄሪያና ተገንጣይዋ ቢያፍራ የተዋጉትን ጦርነት ታስታውሳለች። ያ ጦርነት ለአዲስ አበባም ባዕድ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ክረምት የሁለቱ ወገን መልእክተኞች በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ሥር በከተማችን ለዕርቅ ተቀምጠው ነበር። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩም ራሱ መጥቷል፤ ጉዳዩን የያዘውን ኮሚቴ የሚመሩት ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ንግግሩ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ በዚያ ማዶም ሕፃናት በረሃብ ማለቃቸውን ቀጠሉ።

ለቦይድ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። እ.ኤ.አ. በ1952 አክራ ውስጥ የተወለደ፣ በጋናና በናይጄሪያ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ስለ ምዕራብ አፍሪካ ሲጽፍ የሚጽፈው ካየው ነው። ቦንድንም የደከመውና ዕድሜው የተሰማው ሰው አድርጎታል። ከሁሉ ይልቅ፣ ትልልቆቹ መንግሥታት «ሰላም» ሲሉ «ነዳጅ» ማለታቸው ሊሆን እንደሚችል ሳይፈራ ያሳያል። ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ ይህን ለማለት አይደፍሩም ነበር።

ነገር ግን በዚሁ መጽሐፍ ግርጌ አንድ ማስታወሻ አለ። ማስታወሻው የሚያስተምረው ቦንድ ሰላጣውን የሚያጣፍጥበትን አሠራር ነው፤ ኮምጣጤውና ዘይቱ በምን መጠን እንደሚቀላቀሉ በጥንቃቄ ተጽፏል። ሰላጣ መብላት ኃጢአት አይደለም፤ ሰላዩ የሚበላውንና የሚጠጣውን መዘርዘርም ከፍሌሚንግ የተወረሰ ልማድ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የኮምጣጤው ልክ በትክክል በተነገረበት መጽሐፍ ውስጥ፣ ሕዝብ በረሃብ ያለቀበት አገር እውነተኛ ስሙን እንኳ አላገኘም። ቦንድም ባሕሩን ሲሻገር ጦርነቱ ከኋላው ይቀራል፤ አንባቢውም የሚከተለው የተራበውን ሕዝብ ሳይሆን የቆሰለውን እንግዳ ነው። ከጎኑ የቆሙ የአገሩ ሰዎች የሉም አይባልም፤ ቢሆንም የሚኖሩትም የሚሞቱትም ለእርሱ ታሪክ ሲባል ነው። «ብቻውን» የተባለው ሰው ብቻውን የሆነው ሌሎቹ ከታሪኩ ስለ ተነሡ ነው።

የወጣቱን ጥያቄ የምመልሰው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ ለመልሱም ከሠፈራችን ርቄ አልሄድም። በየካ በኩል ከቀበና ወደ መገናኛ የሚሄድ ሰው የእንግሊዝ ኤምባሲን ሰፊ ግቢ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1910 የመልእክተኛው ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተወለደው በዚያው ለጋሲዮን ነው፤ አድጎም በ1933 ዓ.ም. በጎጃም ከአርበኞች ጋር ጣልያንን ወግቷል። ከእርሱ አስቀድሞ፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን በምስጢር ወደ ጎጃም ገብቶ ነበር። እነዚህ በልብ ወለድ ያልተፈጠሩ፣ በምስጢር ሥራ የተላኩ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሲመጡ ያገኙት ባዶ አገር አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሲዋጋ የቆየ ሕዝብ አገኙ። መንገድ የመራቸው፣ ያበላቸውና የደበቃቸው ማን ነበር?

በከተማይቱም ውስጥ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በጠላት ዓይን ሥር ሆነው ወሬ ያጠናቅሩ፣ በዱር ላሉት አርበኞችም የጦር መሣሪያና ስንቅ ይልኩ ነበር። ተይዘው ተሠቃዩ፤ ወደ ጣልያን አገር ወደ አዚናራ ደሴትም ተጋዙ። የእርሳቸውን ስም ታሪክ ጠብቆልናል። መልእክቱን የተቀበለው፣ ጥይቱን ያሻገረው፣ ተይዞም ያልተናገረው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈለትም። እንግዲህ ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ሰው ኖሮን ያውቃል ወይ ብትለኝ፣ ብቻውን ያሸነፈ ሰው የለንም፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው የተሸከመለት ብዙ ሰው ግን ነበረን እልሃለሁ።

ስለ ምስጢር ሥራ በመጻፍ ዋጋ የከፈለም ደራሲ አለን። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ የነበረችውን አሥመራ ሲጽፍ፣ ከተማይቱን በስሟ ጠርቷታል። በዚያ መጽሐፍ ሰላዩም የሚሰለለውም የሚወድ፣ የሚጠራጠር፣ የሚሞት ሰው ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ስለ ስለላ መጻፍ ለአንዱ ደራሲ የተከበረ ውርስ ሲሆን ለሌላው የሕይወት ዋጋ ነበር።

ይህን የምለው ወጣቶች የስለላ ልብ ወለድ እንዳያነቡ ለመከልከል አይደለም፤ እኔም አንዱን ምዕራፍ ስጨርስ ሌላውን ለመጀመር ስቸኩል አምሽቻለሁ። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳውንም ሎሚ አንድ ሰው ሳይደክመው ሲሸከም ካየህ፣ የቀሩት አርባ ዘጠኙ ሰዎች የት ሄዱ ብለህ ጠይቅ። መጽሐፉን ለወጣቱ የመለስሁለት በዚህ ቃል ነው። እርሱም ጥቂት አስቦ፣ «እንግዲያው ደግሜ አነበዋለሁ፤ አሁን ግን የምከተለው ሌሎቹን ነው» አለኝና ዳገቱን ይዞ ወደ ቤቱ ወጣ።