የበር ጥበትና የሰው ልክ

ጎበዝ ከሚባሉ ወጣቶች አፍ ዘወትር የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ «ውጤቴ ከፍተኛ ነው፤ ታዲያ በአሜሪካ አገር ስመ ጥር ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዕድሌ ስንት ነው?» የሚል ነው። ትምህርትን መመኘት መልካም ስለ ሆነ ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምነቅፈው ታላላቆች ለጥያቄው የሚሰጡትን መልስ ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው መልስ፥ «አንተን ያልተቀበሉ ማንን ሊቀበሉ ነው?» የሚለው ነው። ይህን የሚናገረው ፍቅር ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበው ክስ ምክንያት በፍርድ ቤት እንደ ተገለጸው፥ በ2015 ትምህርት ለመጀመር ካመለከቱት መካከል 26,000 ያህሉ የዚያው አገር ተማሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም 8,000 ያህሉ የክፍል ውጤታቸው እንከን የሌለው ነበር፤ በመግቢያ ፈተናው የሒሳብ ክፍል ሙሉ ነጥብ ያገኙትም ከ3,000 ይበልጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ከመላው ዓለም የተቀበለው 2,000 ያህሉን ነው። እንግዲህ ሌላ ምንም ሳይመለከት ውጤታቸው እንከን የሌለውን ብቻ ቢቀበል እንኳ፥ ከአራቱ ሦስቱን መመለስ ግድ ይሆንበት ነበር። ከአንድ ጎተራ ንጹሕ ስንዴ አንድ ቁና ብቻ የተሰፈረ እንደ ሆነ፥ በጎተራው የቀረው እንክርዳድ ነው የሚል ገበሬ የለም።

ሁለተኛው መልስ ተቃራኒው ነው። «ከመቶ አራት እንኳ አይገባም፤ አርፈህ ተቀመጥ» ይላል። በእውነቱም ሐርቫርድ በ2024 ከ54,000 ያህል አመልካቾች የተቀበለው ከ2,000 ያነሱትን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የጠቅላላው አመልካች ነው እንጂ የአንድ ልጅ ዕድል አይደለም፤ በሩ ለሁሉ እኩል አልጠበበምና። ለስፖርት ለተመለመለና ወላጁ በዚያው ለተማረ ልጅ ይሰፋል፤ ለሌላው ከተባለውም ይልቅ ይጠብበታል። ራጅ ቼቲና ሁለት ባልደረቦቹ በ2023 ባወጡት ጥናት፥ በፈተና እኩል ነጥብ ካገኙት መካከል፥ ከመቶ ቤተ ሰብ አንደኛ ከሚሆነው እጅግ ባለጠጋ ቤት የተወለደው፥ ከመካከለኛ ቤት ከተወለደው ይልቅ ወደ እነዚህ ተቋሞች የመሄድ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የዩኒቨርሲቲዎቹ ነውር ነው እንጂ የድኻው ልጅ ጉድለት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ሐርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተንና ኤም.አይ.ቲ. የውጭ አገር አመልካች ገንዘብ የሌለው መሆኑን በሚዛን ላይ አያስገቡም፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን ይሞሉለታል። ስለዚህ የድኻ ልጅ አያመልክት ማለት ሌላ ግፍ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው መልስ ነው፤ «ማመልከቻህን የሚያሳምር ነገር ፈልግ» የሚለው። በዚህ ምክር የተነሣ ልጁ ድኻን የሚረዳው ስለሚያዝን ሳይሆን ስለሚጻፍለት ይሆናል። ስለ ራሱ የሚናገረውን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ መምህሩም በምስክርነት ደብዳቤው ያላየውን ይመሰክራል። የዚህ መንገድ መጨረሻ በ2019 በአሜሪካ ታይቷል። ባለጠጎች ወላጆች ጉቦ ከፍለው፥ ኳስ ነክቶ የማያውቀውን ልጅ ስፖርተኛ አሰኝተው፥ የፈተናውንም መልስ አሳርመው ስለ ተገኙ ለፍርድ ቀረቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ብዙ የምስክርነት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ለመጻፍ የቀለለኝም መጽሐፉን ወድዶ ያነበበው ልጅ ነው እንጂ ለታይታ የተሯሯጠው አይደለም።

ሦስቱም መልሶች አንድ ሥር አላቸው። የበሩን ጥበት የሰው ልክ ያደርጉታል። ከዚህም የተነሣ አሥራ ሁለት ዓመት በትጋት የተማረ ልጅ፥ የእንቢታ ደብዳቤ በደረሰው ቀን ራሱን እንደ ከንቱ ይቈጥራል። ደብዳቤው ግን የሚናገረው ቦታ አለመኖሩን ነው። ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፥ በአመልካችነታቸው የሚመሳሰሉትን ተማሪዎች አነጻጽረው፥ እጅግ መራጭ ወደ ሆነው ተቋም የገቡት ወደ ሌላው ከሄዱት የሚበልጥ ገቢ በአማካይ እንዳላገኙ ገልጸዋል። ከድኻ ቤተ ሰብ ለመጡት ግን ጥቅም ነበረው። ስለዚህ በሩ ዋጋ የለውም አልልም፤ የሰውን ዋጋ የሚሰጠው በሩ አይደለም እላለሁ እንጂ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ብትችል አመልክት። ከጠባቡ በር ጋር ሰፋ ያሉትንም አብረህ ምረጥ። ስለ ራስህ የምትጽፈው እውነት ይሁን፤ ተቀባይነት ብታገኝ በሐሰት የገባው ሌላ ሰው ነው፥ ብትመለስም ያልተዋሸው ሰውነትህ ከአንተ ጋር ይቀራል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለ ቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከመጠምጠምህ በፊት ዛሬ በእጅህ ያለውን መጽሐፍ ጨርስ፤ እርሱን ለማንበብ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህምና።