የስልሳው ቀን ምዘና

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲስ ሠራተኛ ለታሰበለት ቦታ ተስማሚ መሆኑን የሚመዝንበት፣ ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር። ቀኑ ቢጨምርም ምዘናው በብዙ መሥሪያ ቤት ያው ነው፤ ሠራተኛው መታወቂያ ይሰጠዋል፣ ደንብ ያነባል፣ መጨረሻ ላይ አለቃው «ጥሩ ነው» የሚል ቅጽ ይፈርምለታል። የባህርይ መጠይቅ የሚያስሞላ ድርጅት ካለም የሚያስሞላው ከቅጥር በፊት፣ ለማጣሪያ ነው። እኔ ግን ቦታው ከቅጥር በኋላ ነው እላለሁ፤ ያውም ሰውየው ስለ ራሱ የሚለውን ትተን ሥራ ሲገጥመው የሚያደርገውን ካየንበት።

መጠይቁን ለማጣሪያነት ደካማ የሚያሰኘው ማስረጃ ብዙ ነው። ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለውን የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ የሚያሳትመው ድርጅት ራሱ ለቅጥር መምረጫ እንዳይውል ያሳስባል (ገዢው ይህን ማሳሰቢያ ማንበቡን እንጃ)። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር በ1948 እ.ኤ.አ. 39 ተማሪዎቹን የባህርይ ፈተና ፈትኖ የየግል ውጤታቸው ነው በማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸው፤ ትክክለኛነቱን ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ስለዚህ «ልክ እኔን ነው የገለጸኝ» የሚል ሠራተኛ ለመጠይቁ ምስክር አይሆንም። ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን መልሰው ሲያሰሉ፣ ጥንቃቄና ትጋትን የሚለካ መጠይቅ ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ትስስር 0.19፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ደግሞ 0.42 ሆኖ ተገኝቷል። ድርጊትን ማየት እንደሚጠቅም የሚጠቁም ማስረጃ በአገራችንም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ጥናት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰዱ፤ ተፈትነውም የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከፈተናዎቹ መካከል የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝና በተወሰነ ሰዓት መረጃ ማስገባት ይገኙበታል። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ዕድሉን ካላገኙት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ነበር።

የባንክ ገንዘብ ከፋይን እንውሰድ። መጠይቁ «ስህተት ሲያጋጥመኝ ወዲያው ለአለቃዬ አሳውቃለሁ» ይላል፤ «በጣም እስማማለሁ» የማይል ማን አለ? በሁለተኛው ሳምንት ግን ከመለማመጃው ጥሬ ገንዘብ ላይ ሆን ተብሎ 200 ብር ይጎደልና የቀኑን ሂሳብ እንዲዘጋ ይደረጋል። ልምምድ መሆኑን ያውቃል፣ ጉድለቱን ግን አልተነገረውም። አንዱ ላብ እስኪያጠምቀው ደጋግሞ ይቆጥራል፣ ማንንም አይጠይቅም። ሌላው ቁጥሩን አስተካክሎ ይጽፍና «ሂሳቡ ሞልቷል» ይላል። ሦስተኛዋ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ታመሳክራለች፤ አልገኝ ሲላት ተቆጣጣሪዋን ትጠራለች። ለመጀመሪያው «ሁለት ጊዜ ቆጥረህ ካልሞላ ጥራኝ» የሚል ቁርጥ ያለ መመሪያ ሊበቃው ይችላል፤ ያሰረው ይሉኝታ ነውና። ሁለተኛው ጉድለት ማሳወቅ እንደማያስቀጣ፣ ቁጥር መለወጥ ግን እንደሚያስቀጣ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ለተወሰኑ ሳምንታትም ሂሳቡን ከጎኑ ሆኖ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። መጠይቁ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ባሳለፋቸው ነበር።

ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ያስመስላል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለ60 ቀናት ጉድለትን በትክክል እያሳወቀ «ያስመሰለ» ገንዘብ ከፋይ ሥራውን ለምዶታል ማለት ነው፣ የምንፈልገውም ይኸው ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ በምዘናው የሚያዘው ማስታወሻ ስም ሆኖ መቅረቱ ነው። «ድብቅ ነው» ተብሎ ማህደሩ ውስጥ የገባ ሠራተኛ አለቃ በተቀየረ ቁጥር ድብቅ እየተባለ ይኖራል። ስለዚህ የሚጻፈው ቀኑና ድርጊቱ ብቻ ይሁን፣ ለሠራተኛውም ይነበብለት፤ ቅጽል አይጻፍ።

አለቆች ጊዜ የላቸውም የሚለው መከራከሪያ ብዙም አያሳምነኝም፤ ለቆ የሄደን ሰው መተካትም ጊዜ ይበላል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት ሥራውን ከጀመሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀዋል። ይህን ቁጥር ለምዘና ማስታወቂያ ላውለው ግን አልፈልግም፤ እዚያ ሥራው አድካሚ፣ ክፍያውም አነስተኛ ነበር። ሠራተኛ በወሩ ከለቀቀ መጀመሪያ የሚታየው የደመወዝ መክፈያው ሰነድ ነው፤ የባህርይ ማስታወሻው ከዚያ በኋላ ይገለጣል።