በ200 ሜትር የታጠረው አስታ

ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ፋን ብሬውገል ያዘጋጁት የኢትዮጵያ እምቅ የዕፅዋት ሽፋን አትላስ በ2010 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ንጉሣዊ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ታተመ። የመጽሐፉ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞፈርና ምሳር ባይደርሱበት ኖሮ ይህ መሬት ምን ያበቅል ነበር? መልሱ በ12 የዕፅዋት ዓይነቶች ተዋቅሯል፤ ከበረሃው ቁጥቋጦ ተነሥቶ በቆላው ዱርና በደጋው ጥድ አልፎ እስከ ውርጩ ይወጣል።

የሥራው ጥንካሬ ከሥሩ ባለው ማስረጃ ላይ ነው። ከ1980 እስከ 2009 የዘለቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት ያከማቸውን የዛፍና የቁጥቋጦ መረጃ አዘጋጆቹ ከመሬቱ ከፍታና ከዝናቡ ጋር አገናዝበውታል። ከፒኪ ሰርሞሊ የ1957 እና ከፍራንክ ዋይት የ1983 ካርታዎች የሚልቀውም በዚህ ነው፤ አንባቢ መስመሩ ለምን በዚያ በኩል እንዳለፈ ጠይቆ መልስ ያገኛል። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ ደረቅነቱን ወድጄለታለሁ፤ ቅጽል አያባክንም።

አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ የሚበዛበት ቀበቶ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይጠብቃል። አትላሱ ቀበቶውን ከ3,000 እስከ 3,200 ሜትር ያደርገውና ከዚያ በላይ ያለውን ለጅብራና ለጓሳ ይለቅቃል። ልኬቱ ለእንጦጦ ይስማማል። ከአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የሚያየው ጋራ ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ በመጣው ባሕር ዛፍ ቢሸፈንም አስታ ዛሬም አልጠፋበትም። ስሜን ላይ ግን ልኬቱ አይሠራም። ሳንካበር 3,200 ሜትርን አልፎ የተቀመጠ ሰፈር ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ቅርንጫፉ ሽበት ያንጠለጠለ የአስታ ደን ነው። ባሌ ውስጥ ከሐረና ደን በላይ አስታው ይቀጥልና ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ሳይቀር፣ ድንጋይ ተጠግቶ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ ያሳስበኛል። አስታ በተከለለ ቦታ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ወደ ወሰኑ ሲቃረብ ያጥራል፣ ይጎብጣል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻም ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ይሆናል። ዝርያው ያው ነው። ለድንክነቱ የሌሊት ውርጭና ንፋስ ድርሻ አላቸው፤ የእረኛ እሳትና ግጦሽም እንዲሁ። አስታ ሲቃጠል ከሥሩ ካለው እብጠት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እሳቱ ከተደጋገመበት ግን ዛፍ ሳይሆን ይቀራል። ታዲያ የትኛው ድንክ የተፈጥሮ ነው፣ የትኛውስ የሰው እጅ ውጤት? ጌኦርግና ሳቢነ ሚሄ በ1994 ስለ ባሌ አስታ ባሳተሙት ጥናት የሰውን ተጽዕኖ ዋና ጉዳይ አድርገውታል። ስለ እምቅ ሽፋን የሚናገር መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አያገኝም ነበር፤ ሽፋንን በዝርያና በከፍታ የሚለይ ካርታ ግን ዘንካታውንና ድንኩን የሚለይበት ቀለም የለውም።

በእርግጥ መላውን አገር በአንድ ካርታ የሚያሳይ ሰው አንድ ቁጥር መቁረጡ ግድ ነው፤ ቆላው ላይ የተቆረጡት ወሰኖች ብዙም አያስከፉም። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን በጥድና በወይራ ለመተካት ለሚያቅድ ሰው አትላሱን ሳላመነታ እሰጠዋለሁ። ለስሜንና ለባሌ ግን የላይኛው ወሰን በየተራራው የተለካበት፣ ድንኩ አስታም ከዛፉ ተለይቶ የተሳለበት እርማት ያስፈልገዋል፤ እስከዚያው 3,200 የሚለውን ቁጥር በእርሳስ አክብቦ ማንበብ ነው።