የማያውቁት አገር አይናፍቅም

መቼም ቁጥር የማይወድ ሪፖርት የለም። ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲጠየቅ መልሱ ይታወቃል፤ ይህን ያህል መጽሐፍ፣ ይህን ያህል ወንበር፣ ይህን ያህል ኮምፒዩተር። ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ዋይፋይ አለን» ተጨምሯል። አንባቢው የፈለገውን አግኝቶ ሄደ ወይ? ለዚህ የሚሆን ሠንጠረዥ የለም።

ይህ ጉድለት የገባቸው የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ «ሊብኳል» የሚባል መጠይቅ ይዘው ተነሡ። ዋና ጥያቄዎቹ 22 ናቸው። አንባቢው በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ ምን እንደሚበቃው፣ ምን እንደሚመኝና ምን እንዳገኘ ነጥብ ይሰጣል። በምኞቱና ባገኘው መካከል ያለው ርቀት ሲጠብ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ይባላል። ብልህ ሚዛን ነው።

እስቲ ሚዛኑን ይዘን ወደ ኢሉባቦር እንሂድ፤ መቱ፣ ጎሬ፣ ያዮ። ከተቆለፈ የመጽሐፍ ቁም ሣጥን በቀር ሌላ ያላየ ተማሪ ምን ይመኛል? ወንበር ካገኘና መብራት ካልጠፋ «ተመስገን» ብሎ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ርቀቱ ጠበበ፤ ጥራቱ «ከፍ አለ»! የማያውቁት አገር አይናፍቅማ።

ዋይፋዩም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ አስቀድሞ ያወረደው ጽሑፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢው ምን ሊሰጠው ይችል ነበር?

እኔ ሌላ ሚዛን አለኝ፤ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ተራ ደብተር። አንዲት የያዮ ገበሬ ልጅ ስለ ቡና ፍሬ በሽታ ልትጠይቅ መጣች እንበል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል፤ ኢንተርኔት ላይም ሞልቷል። ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እሷ የምትፈልገው ማታ ለአባቷ በኦሮምኛ የምታነብለትን ነው። አገኘች? ይጻፍ። አላገኘችም? ምክንያቱ ይጻፍ፤ መጽሐፉ ስለሌለ፣ ኔትወርክ ስለጠፋ ወይስ ሠራተኛው የት እንደሚፈለግ ስላላወቀ? ባዶ እጇን ከተመለሰች የአባቷ ቡና እየጠቆረ ይረግፋል፤ እኛ ግን እሷን «የዕለቱ ተጠቃሚ» ብለን ቆጥረናታል።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ይነበብ፤ የሚቀጥለው ግዢና ሥልጠናም በሱ ይወሰን። ሪፖርት እንደማያሳምር አውቃለሁ። ቢሆንም ሙሉ ነጥብ የሰጠንን ተማሪ ከማመስገናችን በፊት እስቲ አንድ ነገር እንጠይቀው፤ ከዚህ ሌላ የትኛውን ቤተ መጻሕፍት አይተሃል?